በመንጠቆ ዓሣ ስለ ማጥመድ ጥበብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሐዋሳ ከተደረጉት የተማሪዎች ንግግሮች አንዱ)





 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ በሚገባ አስረድተውናል። እኔ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ብዙ ስለማይርቀው ስለ ሐይቃችን፤ ይልቁንም በውስጡ ያለውን ዓሣ በመንጠቆ ስለ ማጥመድ ጥበብ ልናገር አስቤአለሁ።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዳንዱ «ዓሣ ማጥመድ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ክር፤ መንጠቆና ትል ካለ አይበቃምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በአሞራ ገደል ዳር የሚውሉ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ሲያጠምዱ እናያለን። ነገር ግን አንዱ ልጅ ከጧት እስከ ቀትር ቆሞ ባዶ እጁን ሲመለስ፤ ከእርሱ 10 እርምጃ ርቆ የተቀመጠው ሌላው ልጅ የራቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዕድል ነው እንዳንል በማግሥቱ ተመልሰን ብናይ ያው ልጅ እንደ ገና ይዞ እናገኘዋለን። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ነው። ይህም ዕውቀት በባዮሎጂና በፊዚክስ ክፍል ከምንማረው የራቀ አይደለም።

ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣ ሰው ሁሉ፤ ጀማሪም ቢሆን የለመደም ቢሆን፤ ሦስት ነገር ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፤ የምፈልገው ዓሣ ማን ነው፤ የትስ ይኖራል፤ ምንስ ይበላል? ሁለተኛ፤ ወደ እርሱ በምን መሣሪያና በምን አኳኋን ልቅረብ? ሦስተኛ፤ ከያዝሁት በኋላ ምን ላድርገው? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ለሐይቃችን ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ መሆኑን በንግግሬ መጨረሻ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዓሣውን ስለ ማወቅ

በሐዋሳ ሐይቅ የሚኖረው የዓሣ ዐይነት ጥቂት ነው። ከእነዚህም ውስጥ ለገበያ የሚወጡት ሦስት ሲሆኑ፤ ስማቸው ቆሮሶ፤ አምባዛና ቢልጫ ይባላል።

ቆሮሶ በሌላ አገር ሰው ዘንድ ቲላፒያ እየተባለ የሚጠራው ነው። ጎኑ ጠፍጣፋ፤ የጀርባው ክንፍ እሾኻም፤ አፉ ትንሽ ነው። ዋና ምግቡ ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስሉት፤ በዐይን የማይታዩት ጥቃቅን ዕፀዋት ናቸው። ነገር ግን የምድር ትል ወይም የሊጥ ቁራጭ በፊቱ ያገኘ እንደ ሆነ አይንቅም። ፊላና ቄጠማ በበቀለበት፤ ውኃው ፀሐይ በሚሞቅበት የዳርቻ ስፍራ መዋል ይወዳል። እርሱን የሚፈልግ ሰው መካከለኛውን ጥልቅ ውኃ ትቶ በሣሩ ጠርዝ ያጥምድ።

አምባዛ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። በአፉም ዙሪያ 8 ጢሞች አሉት። በእነዚህ ጢሞች በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ምግቡን እየዳሰሰና እያሸተተ ያገኛል። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው፤ ከውኃ ወጥቶ እንኳ ለብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቈያል። የሚመገበው በይበልጥ ሲመሽና በሌሊት ስለ ሆነ በቀትር እርሱን መጠበቅ ድካም ነው። ማታ ከውኃው ወለል ላይ የዓሣ አንጀት፤ የሥጋ ቁራጭ ወይም የብዙ ትል ጥቅል አስቀምጦ መጠበቅ ይሻላል። ዝናብ ሲበረታና ዳርቻው በጎርፍ ሲሸፈን፤ አምባዛ ለመራባት ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ይወጣል። ብዙ ሰዎች በሃይማኖት ሥርዓት ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ስለማይበሉ፤ ይህን ዓሣ የያዘ ሰው ለማን እንደሚሰጠው አስቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው።

ቢልጫ ቅርፊቱ ትልልቅና የሚያብረቀርቅ፤ ጉልበቱም ብርቱ የሆነ ዓሣ ነው። ወገኖቹ በጣና፤ በአዋሽና በሌሎችም ውኃዎች ይገኛሉ። የሚፈስ ውኃ ይወዳል። ስለዚህ ወንዝ ወደ ሐይቅ በሚገባበት፤ ድንጋይ ባለበትና ውኃው በሚዞርበት ስፍራ በትል ይፈለጋል።

ከከተማችን ርቆ ለመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ሌሎችንም ያገኛል። በጫሞና በአባያ ሐይቆች ነጭ ዓሣ የሚባለው አለ፤ የዚህ ዓሣ ወገን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ለመመዘን የሚችል ነው። ሌላውን ዓሣ እያሳደደ የሚበላ በመሆኑ በትልና በሊጥ አይታለልም። ለእርሱ ትንሽ ዓሣ ወይም ማንኪያ የሚመስል፤ ሲጐተት እየተገላበጠ የሚያብረቀርቅ ብረት ያስፈልጋል። በባሌ ተራሮችም በዌብና በመሳሰሉት ቀዝቃዛ ወንዞች፤ በ1960 ዓ.ም. ግድም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚመርጥበት ምክንያት በኬሚስትሪ የተማርነው ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውኃ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፤ 25 ዲግሪ የሆነው ግን ከ8 ሚሊ ግራም ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይይዛል። ትራውት ብዙ ኦክሲጅን ስለሚሻ በሞቀው የስምጥ ሸለቆ ውኃ ሊኖር አይችልም፤ ቆሮሶም በባሌ ብርድ አይራባም። እንግዲህ እያንዳንዱን ዓሣ በአገሩ መፈለግ ነው።

ስለ መሣሪያው

ለጀማሪ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ፤ ይህንኑ የሚያህል የናይሎን ክር፤ ትንሽ ቡሽ፤ ጥቂት የእርሳስ ፍሬና መንጠቆ ይበቃል። ክር መጠቅለያ መዘውር ያለው የፋብሪካ ዘንግ ጥቅሙ ሩቅ ለመወርወርና ትልቅ ዓሣ ለማድከም ነው። ቆሮሶ ከዳር ለሚያጠምድ ተማሪ ግን የግድ አያስፈልግም።

ጀማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚስቱት በመንጠቆ መጠን ነው። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ያመጣል ብለው ያስባሉ። ዓሣው ግን አፉ የማይችለውን አይጐርስም፤ ዙሪያውን ለቃቅሞ ይሄዳል። ተራዎቹ መንጠቆዎች በቁጥር የሚለዩ ሲሆን፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ ከ8 እስከ 12 ያለው ቁጥር ይስማማል፤ ለአምባዛ ግን ቁጥር 2 ወይም ከዚያ ተለቅ ያለው ያስፈልጋል። እንዲሁም ለቆሮሶ ውፍረቱ 0.20 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ክር፤ ለአምባዛ 0.40 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ክር መልካም ነው። የመንጠቆውንም ጫፍ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አስቀምጣችሁ ጐተት አድርጉት። የሚንሸራተት ከሆነ ደንዟል፤ በጥሩ ሞረድ ይሳል። ጥፍሩን ከያዘ የተሳለ ነው።

ክሩን ከመንጠቆው ጋራ ማሰር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ተራ ቋጠሮ ናይሎን ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ፤ ከዚያ ጫፉን በዋናው ክር ላይ 5 ጊዜ ጠምጥሙ። ቀጥሎም ጫፉን መልሳችሁ ከመንጠቆው አጠገብ በቀረችው ትንሽ ቀለበት አግቡት፤ በዚህም ጊዜ ሌላ ሰፊ ቀለበት ስለሚፈጠር ጫፉን በእርሱም ውስጥ አሳልፉት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ አርጥቡት፤ ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይደክማልና። ከዚያ በዝግታ ሳቡ፤ የተረፈውንም ቁረጡ። ይህን ቋጠሮ ዐይኑን ጨፍኖ ለመቋጠር እስኪችል ድረስ በቤቱ የተለማመደ ሰው፤ በመሸ ጊዜ በሐይቅ ዳር አይቸገርም።

ቡሹም የራሱ ሕግ አለው። ብዙ ሰው ትልቅ ቡሽ አስሮ በውኃው ላይ እንደ ጀልባ ያንሳፍፈዋል። ዓሣው ማባበያውን፤ ማለት በመንጠቆው ላይ የተሰካውን ምግብ፤ ሲስበው የቡሹ ተንሳፋፊነት ስለሚከብደው ጠርጥሮ ይተፋዋል። ስለዚህ የአርኪሜድስን ሕግ አስታውሱ። ቡሹ ከላዩ ጥቂት ጫፍ ብቻ እስኪታይ ድረስ የእርሳስ ፍሬ እየጨመራችሁ አጥልቁት። እንዲህ የሆነ ቡሽ በትንሽ ጉተታ ስለሚሰምጥ፤ ዓሣው ሳያውቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

የውኃው ጥልቀትም በዐይን ግምት አይለካም። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፤ ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚያይ ሰው 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ወለል 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከመንጠቆው ላይ ከበድ ያለ እርሳስ አንጠልጥላችሁ እስከ ወለሉ ድረስ አውርዱና ቡሹን በዚያ ልክ አድርጉት። ከዚያ ለቆሮሶ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርጉ፤ ለአምባዛ ግን ወለሉን እንዲነካ ተዉት።

ስለ አቀራረብና ስለ ትዕግሥት

ዓሣ ከውኃ ውስጥ ሆኖ እኛን ያየናል። የውጭውን ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ ባለ፤ 97 ዲግሪ ያህል ማዕዘን በሚከፍት ክብ መስኮት ነው። በዚህ መስኮት ጠርዝ በኩል የሚታየው ነገር እጅግ የተጨመቀና የደበዘዘ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከዓሣው ዐይን ይሰወራል፤ ዳሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ግን እንደ ግንብ ይታየዋል። ጥላችሁም በውኃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይን ከፊታችሁ ወይም ከጐናችሁ አድርጉ። በቀስታ ተነጋገሩ ብዬ አላስጨንቃችሁም፤ የሰው ድምፅ አብዛኛው ከውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳልና። ነገር ግን መሬቱን በእግራችሁ አትደብድቡ፤ የጀልባውንም ወለል አታንኳኩ። በውኃ ውስጥ ድምፅ በአየር ከሚሄደው ከአራት እጅ በላይ ይፈጥናል፤ ዓሣም በጐኑ ባለው የስሜት መሥመር ንዝረቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ቡሹ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጀማሪው ልቡ ይዘልና ወዲያው ዘንጉን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ቆሮሶ መጀመሪያ ይቀምሳል። ቡሹ ወደ ጐን መሄድ ወይም መስመጥ ሲጀምር ያን ጊዜ በእጅ አንጓ ብቻ ፈጠን ያለ ትንሽ ጉተታ ይበቃል። ዓሣው ከተያዘ በኋላ ክሩ እንዳይላላ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ወደ ሣሩ ሲሮጥ ዘንጉን ወደ ተቃራኒው ጐን አዘንብሉ፤ ሲበረታ ጥቂት ስጡት፤ ሲደክም ውሰዱ። ትልቅ ዓሣ በክር አንጠልጥላችሁ ከውኃ አታውጡ። በውኃ ውስጥ የቀለለው ዓሣ በአየር ላይ ሙሉ ክብደቱን ስለሚያገኝ ክሩ የሚበጠሰው በዚያ ጊዜ ነው። የእጅ መረብ ከበታቹ አግብታችሁ አንሡት።

ጥበቡን ለለመዱ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፤ ይኸውም ደብተር መያዝ ነው። ቀኑን፤ ሰዓቱን፤ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፤ ውኃው የጠራ ወይም የደፈረሰ መሆኑን፤ በምን ማባበያ ምን ያህል ርዝመት ያለው ዓሣ እንደ ተያዘ ጻፉ። ያልተያዘበትንም ቀን ጻፉ። አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ይህ ደብተር ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ስለዚህ ሐይቅ የሚያስተምር ይሆናል።

ስለ ደኅንነት

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ አባቶቻችን ያለ ነገር አልተናገሩም። በሐይቃችን ጉማሬ አለ፤ ሲመሽም ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ አምባዛ ለማጥመድ የሚያመሽ ሰው በሣር ውስጥ ብቻውን አይቀመጥ፤ በጉማሬውና በውኃው መካከልም አይግባ። በጫሞና በአባያ አዞ ስላለ በዚያ እግርን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጥመድ ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። በእኛም ሐይቅ ቢሆን በዳርቻው ባሉት ቀንድ አውጣዎች ምክንያት የቢልሃርዝያ በሽታ ስለሚገኝ፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም አይገባም። ዋና የማይችል ሰው ከነፋስ በፊትም ሆነ በኋላ በታንኳ አይውጣ፤ የሚችልም ቢሆን ብቻውን አይሂድ። ዘንጉን ከመወርወራችሁ በፊት ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ መንጠቆ ዓሣንና የሰውን ዐይን አይለይም።

ስለ ማብሰል እስኪደረስ

ለምግብ የሚፈለገውን ዓሣ በጥላ ያለ ውኃ እያንፈራገጡ ማቈየት ጭካኔ ነው፤ ሥጋውንም ያበላሻል። ወዲያው ራሱን በበትር መትቶ መግደል፤ አንጀቱንና ስንጥቡን ማውጣት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር ይገባል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነውና ከገበያም ስትገዙ አስቀድማችሁ ራሱን እዩ። ዐይኑ የጠራ፤ ስንጥቡ ቀይ፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ትኩስ ነው። ጥሬ ዓሣ መብላት በከተማችን የተለመደ ቢሆንም፤ በሥጋው ውስጥ ለሰው የሚተርፉ ትሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ አብስሎ መብላት ይሻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ

ጓደኞቼ ሆይ፤ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዓሣውን ከያዝን በኋላ ምን እናድርገው?

ለዚህ መልስ የጣና ሐይቅ ታሪክ ይረዳናል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፤ ከሐይቃችን ከ30 ጊዜ በላይ የሚሰፋ ውኃ ነው። በዳርቻው የሚኖሩት ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፤ ዓሣ እያጠመዱ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ሌላው ሕዝብ ሥራቸውን እየናቀ ዓሣቸውን ይበላ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግድም የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። በጣና 15 ያህል የቢልጫ ወገን የሆኑ ዓሣዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከዚያ በቀር አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የወንዙ አፍ ላይ በተዘረጋ ጊዜ ዓሣዎቹ እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ተያዙ። ሊቃውንት ከ1983 ዓ.ም. ግድም እስከ 1993 ዓ.ም. ግድም ሲያጠኑ፤ የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በክብደት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ቀንሶ አገኙት። ትልቁ ጣና በ10 ዓመት ውስጥ እንዲህ ከሆነ፤ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው የእኛ ሐይቅ ምን ይሆናል?

የመንጠቆ ክብር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ አድርጋ ታቅፋለች። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ወደ አፏ እየገቡ ይሸሸጋሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲፈጅ፤ እርስዋ በዚያ ጊዜ ምግብ አትበላም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ መንጠቆ እምብዛም አይነካትም። መረብ ግን የጾመችውንና የበላችውን አይለይም፤ በተያዘችም ጊዜ ከነልጆቿ ትጠፋለች። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን መመረዝማ ከመረብም ይከፋል፤ ትልቁንም ትንሹንም ባንድነት ይፈጃልና። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 የዓሣ ሀብት በሥርዓት እንዲለማና እንዲጠበቅ የደነገገው ስለዚህ ነው። ማንም ወደ ውኃ ከመውረዱ በፊት የአካባቢውን ደንብ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

መንጠቆ ሌላም ጸጋ አለው፤ ይኸውም የያዝነውን በሕይወት ለመመለስ መቻላችን ነው። ነገር ግን መመለስም ሥርዓት አለው። እጃችሁን አስቀድማችሁ አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋልና። ከተቻለ ከውኃው ሳታወጡ መንጠቆውን ንቀሉ። ውጦት ከሆነ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቁረጡ እንጂ አንጀቱን አትጐትቱ። ከዚያ በውኃ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጉልበቱ ሲመለስለት ራሱ ይሄዳል። ከሩቅ መወርወር መግደል ነው። ከአንዱ ሐይቅ የተያዘውንም ዓሣ በሌላ ሐይቅ አትልቀቁ፤ እንግዳ ዓሣና እንግዳ በሽታ ባንድ ባልዲ ይሄዳሉና። የተበጠሰ ክር ደግሞ በዳር አትተዉ፤ ወፎች እግራቸው እየተጠመጠመ ይሞታሉ። ሐይቃችን በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው፤ የጣልንበት ሁሉ ከእኛው ጋራ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ነገር አለ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የደብተርና የጫማ ገንዘብ ከሐይቁ የሚያገኙ ጓደኞች አሉን። አባታቸው ሌሊት ታንኳ ይዞ ይወጣል፤ እናታቸው ወይም ወንድማቸው ጧት ዓሣ ይገፍፋል። ለእነርሱ ትንሹ ዓሣ ጨዋታ አይደለም፤ እንጀራ ነው። በልቶ የጠገበ ሰው ለተራበ ሰው «የያዝኸውን መልስ» ብሎ ቢያስተምረው ያሳፍራል። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ ያሰብሁበት ይህ ነው።

የደረስሁበትም ሐሳብ ይህ ነው። ትዕዛዙ ከላይ ወደ ታች አይሂድ፤ ለጨዋታ ከምናጠምደው ይጀምር። ለመደሰት የሚያጠምድ ሰው፤ ለመኖር የሚያጠምደውን ሰው ድርሻ መውሰድ የለበትም። እኛ የምንመልሰው ቆሮሶ አድጎና ተራብቶ ነገ ወደዚያ አባት መረብ ይገባል። እርሱም በበኩሉ ልጁ የሚያጠምደው ዓሣ እንዲቀርለት ይሻል። በመረቡ ዐይን ስፋትና ዓሣ በሚራባበት ጊዜ በማረፍ ጉዳይ ግን ከእርሱ ጋራ ተቀምጦ መመካከር ይገባል እንጂ መፍረድ አይገባም። ስለ ሐይቁ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃልና።

ስለዚህ ለጨዋታ የምናጠምደው ተማሪዎች ከዛሬ ጀምሮ በሦስት ነገር እንድንስማማ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፤ ከአንድ ስንዝር የሚያንስ ቆሮሶ ወደ ውኃው ይመለስ። ይህ የራሳችን ልክ ነው፤ ሕጉ ከዚህ የበለጠ ካዘዘ ሕጉ ይከበር። ስንዝር የመረጥሁትም መለኪያው ከማንም እጅ ስለማይጠፋ ነው። ሁለተኛ፤ ማንም ቤተ ሰቡ በዚያ ቀን ከሚበላው በላይ አይያዝ። ሦስተኛ፤ የምንይዘውንና የምንመልሰውን ሁሉ በደብተር ጽፈን በየወሩ ለባዮሎጂ መምህራችን እናስረክብ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩ ታናናሾቻችን ሐይቁ እየበዛ ወይም እየተመናመነ መሄዱን በግምት ሳይሆን በቁጥር ሊያውቁ ይችላሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፤ ትምህርት ቤታችንም ከትንሽ ተነሥቶ እዚህ ደርሷል። ሐይቁ ከትምህርት ቤታችን በፊት ነበረ፤ ከእኛም በኋላ ሊኖር ይገባዋል። በሚመጣው የምሥረታ በዓል እዚህ የሚቆመው ተማሪ፤ ከደብተራችን የተገኘውን ቁጥር እንዲያነብልን ተስፋ አደርጋለሁ።